ምንጩማ አለ

በዚያ ሌሊት «ለውጡ ይገለበጥ» የሚለውን ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ስጫን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። በማግስቱ ሥራ አለብኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ሆኖም ከኮምፒውተሩ ፊት መነሣት አልቻልኩም። ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ በአማርኛው ውክፔዲያ፣ ስለ አድዋ ጦርነት በሚናገር አንድ ገጽ ላይ፣ የብዕር ስሙን እንጂ ማንነቱን ከማላውቀው ሰው ጋር፣ በአንዲት ቀን ምክንያት ተያይዘን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽሑፉ ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው ይላል። በዚህ ማንም አይከራከርም። ከጎኑ በቅንፍ የተቀመጠውን የፈረንጆቹን ቀን ግን እሱ «ማርች 1 ቀን 1896» አደረገው፤ እኔ ደግሞ ገለበጥኩት፤ ማለትም ለውጡን ሽሬ ወደ ማርች 2 መለስኩት። ማስረጃዬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። የካቲት 23 በየዓመቱ የሚውለው በማርች 2 ነው፤ የድሉን በዓል ስናከብር የኖርነውም በዚሁ ቀን ነው። የእሱ ማስረጃ ከውጭ አገር የታሪክ መጻሕፍት የመጣ ነው፤ ሁሉም ማርች 1 ይላሉ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት እታገሥ ነበር። እሱ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረበት፦ «በዓሉ በስህተት አንድ ቀን ዘግይቶ ይከበራል»። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ።

ውክፔዲያ ውስጥ አንድ ለውጥ ሲደረግ ምክንያቱ በአጭሩ የሚጻፍባት «ማጠቃለያ» የምትባል ጠባብ ሳጥን አለች። በመጀመሪያው ግልበጣዬ «ቀኑ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩባት። በሁለተኛው «የአገርህን በዓል ሳታውቅ አትጻፍ» አልኩ። በሦስተኛው የጻፍኩትን የገጹን ታሪክ የከፈተ ሰው ሁሉ ዛሬም ሊያነበው ይችላል፦ «አድዋን ለሚያውቁት ተውላቸው»። አበው ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ውክፔዲያ ላይ የተናገሩት ነገር ከአፋፉ ወድቆ እንኳ አይጠፋም፤ ከነሰዓቱና ከነደቂቃው ተመዝግቦ ይቀመጣል።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ገጹ እኔ እንደተውኩት ነው። አልነካውም። ይልቁንም ከጽሑፉ ጀርባ ባለው የውይይት ገጽ ላይ እንዲህ የሚል መልእክት አገኘሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለውጤን ሦስት ጊዜ እንደገለበጡት አይቻለሁ። ለገጹ የሚቆረቆሩ ሰው መሆንዎ ስለገባኝ አራተኛ ጊዜ አልነካውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅዎ። ጦርነቱ በየትኛው ዕለት እንደተደረገ የሚናገር የአገር ውስጥ ምንጭ በእጅዎ ይኖር ይሆን?»

እስከዚህ ድረስ «እሱ» እያልኩ የጻፍኩት ያን ጊዜ በልቤ እንዲያ እጠራው ስለነበር ነው። ከዚህ በኋላ አልችልም። እኔ «አትጻፍ»፣ «ተውላቸው» ብዬ ለዘለፍኳቸው ሰው እሳቸው በአንቱታ መለሱልኝ። ዕድሜዬን አያውቁም፤ ሴት መሆኔንም አያውቁም። መልእክታቸውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ፊቴ ይቃጠል ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ የእኛው ቋንቋ ጉዳይ ነውና። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የሚጽፉ ሰዎች አንዱ ሌላውን የሚጠራበት ቃል አንድ ነው። ተማሪውም፣ ፕሮፌሰሩም፣ ሴቷም፣ ወንዱም በዚያችው ቃል ይጠራሉ። እኛ ግን አንዲት ግሥ ከመጻፋችን በፊት መወሰን አለብን፦ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ? ፊቱን ያላየነውን፣ ድምፁን ያልሰማነውን ሰው በምን እንጥራው? ብዙዎች ሳያስቡበት «አንተ» ይላሉ። እኔ በነበርኩባቸው ዓመታት «ወንድሜ» ተብዬ የተጠራሁት ቁጥር የለውም። መዝገበ ዕውቀት ማዘጋጀት የወንድ ሥራ ብቻ ይመስል! በመጀመሪያ ዝም እል ነበር፤ አሁን ግን «እኅት ነኝ» ብዬ አስታውቃለሁ፤ አብዛኞቹም ይቅርታ ጠይቀው ያርማሉ።

ክርክር ሲጋል ደግሞ አስቀድማ የምትሞተው «እርስዎ» ናት። ሐሳቡም ምንጩም ሳይለወጥ ትናንት «ይመልከቱት» የነበረው ዛሬ «ተመልከተው» ይሆናል። ይህችን አንዲት ለውጥ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ከጥፊ ለይቶ አያያትም። ስለዚህ ዛሬ ማንንም የማላውቀውን ሰው የምጠራው በእርስዎ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢሆንም ምን ይጎዳዋል? ሰው ያለ ልክ ተከብሮ ሲቀየም አይቼ አላውቅም።

ሌላም መንገድ አለ፤ ሰውየውን ትቶ ስለ ጽሑፉ መናገር። «ይህ ዐረፍተ ነገር ምንጭ ቢጨመርለት» ማለት ሲቻል «ምንጭ ለምን አልጨመርክም» ማለት ለምን ያስፈልጋል? አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው። ነገር ግን ይኸው አነጋገር መሸሸጊያም ሊሆን ይችላል። «ተሰርዟል» የሚለው ቃል ማን ሰረዘው የሚለውን ይደብቃል። ስሰርዝ «ሰርዤዋለሁ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለትን ከአድዋው ክርክር በኋላ ተምሬአለሁ።

ወደ ጥያቄያቸው ልመለስ። ዕለቱን አውቀዋለሁ። እሑድ ነበር፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ እሑድ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ መጻሕፍቱም ይመሰክራሉ። ምንጩን ከነገጹ ጻፍኩላቸው። እሳቸው የ1896ን የፈረንጆች የቀን መቁጠሪያ አወጡ። በዚያ ዓመት እሑድ የዋለው ማርች 1 ነው። ማርች 2 ሰኞ ነው።

ልክ ነበሩ ማለት ነው። ይህንኑ ልጽፍላቸው ከተቀመጥኩ በኋላ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ታዲያ ዛሬ የካቲት 23 በማርች 2 የሚውለው ስለምን ነው? ጥያቄውን በውይይት ገጹ ላይ አቀረብኩት። ሦስት ቀን ሁለታችንም ፈለግን። እሳቸው የሚኖሩበት አገር ሲመሽ እኔ ዘንድ ይነጋል፤ ስለዚህ አንዳችን ስንተኛ ሌላችን እንቀጥል ነበር። መልሱ በፈረንጆቹ 1900 ላይ ተገኘ። እነሱ በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ቀን ያደርጋሉ፤ ነገር ግን በመቶ የሚያልቅ ዓመት ሲመጣና ለ400 ሳይካፈል ሲቀር ያችን ቀን ይዘሏታል። 1900 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። የእኛ አቆጣጠር ግን አይዘልም፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 የዋለው በእርግጥም በማርች 1 ነው። ከ1900 ወዲህ ግን በማርች 2 ይውላል፤ በ2100 ደግሞ ወደ ማርች 3 ይሄዳል። በዓሉ አንድም ቀን አልዘገየም። የካቲት 23 የካቲት 23 ነው፤ ቦታዋን የለወጠችው የፈረንጆቹ ቀን ናት።

እሳቸው ስለ ጦርነቱ ቀን ልክ ነበሩ፤ ስለ በዓሉ ተሳስተዋል። እኔ ስለ በዓሉ ልክ ነበርኩ፤ ስለ ጦርነቱ ቀን ተሳስቻለሁ። «በስህተት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ራሳቸው አወጡት። እኔ ማርች 1ን መለስኩና ስለ 1900 የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያ ከሥሩ ጨመርን። አራተኛ ጊዜ ገልብጠው፣ እኔም አምስተኛ፣ እሳቸውም ስድስተኛ ብንል ኖሮ አንዳችን በድካም እንሸነፍ ነበር፤ ገጹም ከሁለት ስህተቶች አንዱን ይዞ ይቀር ነበር። ይህን እያሰብኩ ብዙ ጊዜ እደነግጣለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ያቺን አንቀጽ ቃል በቃል፣ ቁጥር በቁጥር ያነበበልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ተውላቸው አልኳቸው።

ውክፔዲያ ከተጀመረበት ከ2001 (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ሰዎች እንዲህ ሲጋጩ ኖረዋል፤ ሲጋጩም ደንብ አበጅተዋል። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አንድን ገጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የገለበጠ ሰው ሊታገድ ይችላል። እኔ በዚያ ሌሊት ከገደቡ ጫፍ ላይ ነበርኩ ማለት ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ምክር ግን የሌላውን ቅን ልቦና አስቀድሞ መቀበል ነው፤ ያጠፋ የመሰለህ ሰው ለማልማት እንደመጣ አድርገህ ጀምር ይላል። ሁለት ሰዎች ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጠራሉ፤ ያም ካልበቃ ጉዳዩን ለብዙዎች ያቀርባሉ። ድምፅ መስጠት ውይይትን አይተካም ይላሉ፤ የሚፈለገው የቁጥር ብልጫ ሳይሆን አብዛኛው ሰው አብሮት ሊኖር የሚችል መግባባት ነው። ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የግልግል ጉባኤ አላቸው። የሚገርመኝ ይህ ጉባኤ በጽሑፉ ላይ ማን ልክ እንደሆነ የማይፈርድ መሆኑ ነው። የሚፈርደው በጠባይ ላይ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሳነበው የጎደለ ነገር መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ጠባይ ከተስተካከለ እውነቱ ራሱ መውጫ እንደሚያገኝ ያወቁ ሰዎች የሠሩት ሥርዓት ሆኖ ይታየኛል።

ሥርዓት ስላለ ክርክር ያጥራል ማለት አይደለም። የእርጎን ነገር እዩ። በእንግሊዝኛ የእርጎ ስም በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ አንዱ በመካከል «ኤች» የምትባል ፊደል አለው፣ ሌላው የለውም። ገጹ ከ2003 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) ስለዚያች ፊደል ሲያከራክር ኖረ፤ ስምንት ዓመት ማለት ነው። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል። እኛ ግን አድዋን በአ፣ በዓ ወይስ በዐ እንጻፍ ስንባባል አንስቅም። ፀሐይን በፀ የሚጽፍና በጸ የሚጽፍ ሰው አንድ ቃል እያሉ ይግባባሉ፤ ኮምፒውተር ግን ሁለቱን ለይቶ ያያቸዋል፤ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ብትፈልጉት ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ የፊደል ክርክራችን ከንቱ አይደለም። ፊደል ያስተማረንን ሰው የሚነካ ስለሚመስለን ነው የሚያቃጥለን።

ከዚህ የከበደው የከተማ ስም ነው። ፖላንዶች ግዳንስክ፣ ጀርመኖች ዳንዚግ የሚሏት የወደብ ከተማ አለች። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ አርታዒያን በዚህ ስም እጅግ ከተገፋፉ በኋላ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከልማዳቸው ወጥተው ድምፅ ሰጡበት። የደረሱበትም ውሳኔ እንዲህ የሚል ነበር፦ ከ1308 እስከ 1945 ስላለው ዘመን ሲጻፍ ዳንዚግ ይባል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ግዳንስክ። ሁሉንም ያስደሰተ አልነበረም፤ ነገር ግን የሚሠሩበት ነገር አገኙ። ይህን ታሪክ ያነበብኩት ስለ አዳማና ስለ ናዝሬት፣ ስለ ቢሾፍቱና ስለ ደብረ ዘይት በምናስብበት ሰሞን ነበር። እነዚህ ስሞች ለአንዱ የተወለደበት ሰፈር፣ ለሌላው የተነጠቀበትና ያስመለሰው ማንነት ናቸው። በርዕሱ ላይ ከተማዋ ዛሬ በይፋ የምትጠራበት ስም መቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በታች ግን ስሟ መቼ እንደተለወጠና መቼ እንደተመለሰ በሙሉ ይጻፍ፤ የቀድሞውን ስም ፈልጎ የመጣውም ሰው ወደዚያው ገጽ ይድረስ። ብዙ ጊዜ ሁለት አርታዒያን የሚጣሉበት ነገር ራሱ ለአንባቢው ሊነገር የሚገባው ታሪክ ነው። ጠባችንን ወደ አንቀጽ ብንለውጠው ጽሑፉ ይሻላል።

እንደ እኛ ባለ ትንሽ ውክፔዲያ የግልግል ጉባኤ የለም። ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉን፤ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ አለው። ዘወትር የሚያርሙት ሰዎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ መጋቢ የምንላቸው ኃላፊዎች ደግሞ ከዚያም ያነሱ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለሁሉም ቋንቋዎች የሚያገለግል አንድ ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ ወጥቷል፤ ጥሩ ነው። ሆኖም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲጋጠሙ ደንቡን የሚያስከብር ማንም አጠገባቸው የለም።

ይህ ነገር አባቴን ያስታውሰኛል። አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። የቃለ ጉባኤው መዝገብ እቤታችን ይቀመጥ ነበርና ልጅ ሆኜ እያወጣሁ አነበው ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ስድብ የሚባል ነገር የለም። አባላቱ ስላልተሳደቡ አይደለም፤ ጩኸታቸው አንዳንድ ቀን እቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። አባቴ የሚጽፈው «ከክብር ውጪ የሆነ ቃል ተናግረዋል፤ በደንቡ መሠረት ተቀጥተዋል» ብሎ ብቻ ነው። ቃሉን ራሱን ለምን አትጽፈውም ስለው፣ ነገ ልጆቻቸው ሲያነቡት እንዳያፍሩባቸው ብዬ ነው አለኝ።

አንድ ጊዜ ሁለት አባላት በተቀደደ ድንኳን ተጣሉ። አንደኛው ድንኳኑን ሲረከብ ደኅና ነበር ይላል፤ ሌላኛው ተቀዶ ነው የተረከበው ይላል። ምስክር የለም። የእድሩ ዳኛ ለሁለት ስብሰባ ከሰሟቸው በኋላ ያሉትን አባቴ በመዝገቡ አስፍሮታል፦ ድንኳኑን በእድሩ ገንዘብ እናሰፋዋለን፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ግን እናንተ ሁለታችሁ አብራችሁ ትተክሉታላችሁ። ድንኳን ብቻውን የሚተክል ሰው የለም፤ አንዱ ሲያቀና ሌላው መሳብ አለበት። ማን እንደቀደደው በመዝገቡ አልተጻፈም። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት የድንኳን ኃላፊዎች ሆነው ሲፈራረሙ አያለሁ። እኔና የአድዋው ሰው ያችን የ1900 ማብራሪያ አብረን ስንጽፍ፣ እሳቸው አንድ ቃል ሲያስገቡ እኔ አንድ ቃል ሳወጣ፣ ያ መዝገብ ነበር ትዝ ያለኝ።

ጨዋነት ማለት ሐሰትን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ መቀበል አይደለም። ሕዝብን ከሕዝብ ለማጋጨት የሚመጣ ሰው አለ፤ የጻፈውን ወዲያው አወጣለሁ፣ ለመጋቢ እነግራለሁ፣ ክርክር አልከፍትም። ከዚህ የሚከብደው በትሕትና የሚመጣው ነው። ቃሉ ሁሉ ማር ነው፤ ምንጭ ስትጠይቁት ግን ያልጠየቃችሁትን ይመልሳል፤ በሳምንቱ ያንኑ ሐሰት በሌላ አንቀጽ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳልሳደብ፣ ሳልደክም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ እያነሣሁ እጠብቀዋለሁ፦ የት ተጻፈ? በስንተኛው ገጽ? ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሆኖም ስድብ እንዲህ ላለው ሰው ከሁሉ የሚወደው ስጦታ ነው፤ የክርክሩን ርዕስ ከሐሰቱ ወደ ስድቤ ይለውጥለታል።

ሰላም የሰፈነበት የሚመስል ዝምታም አለ። የክሮኤሽያ ቋንቋ ውክፔዲያ የደረሰበትን ባነበብኩ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥቂት ሰዎች በአንድነት ኃላፊነቱን ይዘው ከ2011 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የታሪክ ጽሑፎችን ወደሚፈልጉት አዘነበሉ፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ወንጀሎች ሳይቀር አቀለሏቸው። የተቃወማቸውን እያገዱ፣ የቀረውን እያሰለቹ አባረሩ። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2021 ያወጣው የጥናት ሪፖርት ይህን ዘርዝሮታል። የሚከራከር ሰው ስላልነበረ ከውጭ ለሚያየው ጸጥ ያለ ይመስላል። ጸጥታው የተገኘው ግን «ይህ ልክ አይደለም» የሚሉት ሁሉ ስለሄዱ ነው።

እኔም አንድ ሰው አባርሬአለሁ። የአድዋው ሰው በእርስዎ የጠሩኝ ዕለት ማታ ያስታወስኩት እሱን ነው።

ከዚያ ከሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነው። አንድ አዲስ አባል ስለ ትውልድ ቀበሌው አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፈ። ፊደሉ የተሳሳተ ነበር፤ ነጥቦቹ ከቦታቸው የሉም። ከተራራው ሥር ስለሚፈልቅ አንድ ምንጭ ይናገራል። ውሃው በበጋ እንደማይደርቅ፣ ከብቶች በየትኛው ወገን ሰዎች በየትኛው ወገን እንደሚጠጡ፣ ጠዋት ጠዋት ማን አስቀድሞ እንደሚቀዳ። በስልክ እንደጻፈው ከአጻጻፉ ያስታውቃል። እኔ በዚያ ቀን ሃያ ያህል ገጾችን እያጸዳሁ ነበር። ደረስኩበት፣ አየሁት፣ ሰረዝኩት። በማጠቃለያው ሳጥን ውስጥ ሁለት ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ «ምንጭ የለውም»።

በማግስቱ በውይይት ገጹ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ነበር። «ምንጩማ አለ፤ እኔ ራሴ ከዚያ ውሃ ስቀዳ ነው ያደግሁት።»

አየሁት። አልመለስኩም። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ አለፍኩት፤ ነገ እመልሳለሁ አልኩ፤ ነገም አላደረግሁትም። ውክፔዲያ ውስጥ ምንጭ ስንል የታተመ ማስረጃ ማለታችን እንደሆነ ማን ነግሮት ያውቃል? እሱ የሚያውቀው ምንጭ ውሃ የሚፈልቅበትን ነው፤ ያ ነው የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም፤ የእኛ ነው የተውሶው። ለልጁ የነገርኩት «የጠጣኸው ውሃ የለም» ብዬ ነው። እሱ ግን አልተሳደበም፤ አለ ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ በስሙ የተደረገ አንድም ለውጥ የለም።

በደንቡ ቢሆን ልክ ነበርኩ። ማስረጃ የሌለው ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል፤ ማንም አልወቀሰኝም፣ ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም። ይህ ነው የሚከብደኝ። ሰላምታ ለመጻፍ፣ ምንጭ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ለማስረዳት፣ «ስለ ቀበሌዎ የተጻፈ መጽሐፍ ወይም የወረዳው ጽሑፍ ያውቁ ይሆን?» ብሎ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ስለዚያ ምንጭ ሊጽፍ የመጣ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም።

የገጽ ታሪክ ግን ክፉውን ብቻ አይደለም የሚያኖረው። ከአድዋው ነገር በኋላ ወደዚያ ገጽ ተመልሼ አምስቱን ዐረፍተ ነገሮች ከታሪኩ ውስጥ አወጣኋቸው። ማስረጃ እስኪገኝ ወደ ጽሑፉ አልመለስኳቸውም፤ በውይይት ገጹ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ፣ እሱ እንደጻፋቸው አስቀመጥኳቸው። ከበላያቸው ማን እንደጻፋቸውና የሰረዝኳቸው እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። በራሱ የአባል ውይይት ገጽ ላይ ደግሞ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምንጭ የሚለውን ቃል እንዴት እንደተጠቀምኩበትም አስረዳሁ። መልስ አላገኘሁም። ምናልባት ያንን ስልክ ቀይሮታል፤ ምናልባት የመግቢያ ቃሉን ረስቶታል፤ ምናልባትም አይፈልግም። እስከ ዛሬ ድረስ ገጹ ከምከታተላቸው ገጾች መካከል ነው፤ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ባለፈው ወር በቀበሌው የውይይት ገጽ ላይ አዲስ መልእክት መጣ። ልቤ ዘለለ፤ እሱ ግን አይደለም። ሌላ ሰው ነው፤ ከዚያው አካባቢ እንደሆነ ይናገራል፤ ተቆጥቷልም። ሰላምታ የለውም። «የምንጩን ስም ያበላሸው ማን ነው? እንደዚህ አይደለም የሚባለው፤ ሳታውቁ አትጻፉ» ይላል።

ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ጀመርኩ። «ስለመጡ እጅግ ደስ ብሎኛል። እርስዎ በሚያውቁት የምንጩ ስም ማን ነው የሚባለው?»